ሽታዬና የበልጉ ጥያቄ

«ሽታዬ ሄደች» አለኝ በስልክ።

የደወለልኝ አብሮን የተማረ፣ አሁን መካነ ሰላም ውስጥ ቢሮ የሚሠራ ልጅ ነው። እኔ ሥራዬ ኩታበር ስለሆነ የዚያን አገር ወሬ የምሰማው ከእሱ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ «ሄደች» የሚለው ቃል ብቻውን አይሰማም፤ የሰማ ሰው ወዲያው «ወዴት?» ይላል። ከሁለት አንዱ ነዋ፤ ወይ ወደ መቃብር፣ ወይ ወደ ዓረብ አገር። ከሁለቱ የትኛውን እንደምመኝላት ግራ ገብቶኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ልጁም ወሬ ማጣፈጥ ይወዳልና ቶሎ አልገላገለኝም። እኔ ከተጨነቅሁ በኋላ ነው ሦስተኛ ዓይነት መሄድ እንዳለ የነገረኝ። ሽታዬ ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል አግኝታ፣ ምጣዷንና አልጋዋን ለጎረቤት አከፋፍላ፣ ከምትኖርበት ከመካነ ሰላም ወጥታለች። የማውቀው ስልኳም ከእንግዲህ አይሠራም።

«አልሐምዱሊላህ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሆኖም ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልያዘልኝም። ሰው ሲርቅ ነው መልኩ የሚቀርበው መሰለኝ።

ሽታዬ ይመርን ያወቅኳት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለን ነው። እኛ ገና ጢማችንን በመስተዋት የምንፈልግ ልጆች ነበርን፤ እሷ ሠላሳን ተሻግራለች። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ትታ ዓረብ አገር ሄዳ፣ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ተመልሳ ካቆመችበት ቀጥላ ነው ከእኛ ጋር የተገናኘችው። በመጀመሪያው ቀን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ክፍል ስትገባ መምህርት መስላን ሁላችንም ብድግ አልንላት። «ተቀመጡ» አለችን፣ ፈገግ ሳትል። ከዚያ ቀጥ ብላ መጥታ መካከላችን ተቀመጠች። እኔ አጠገብ ነበር ባዶው ቦታ፤ እስክንመረቅ ድረስም እዚያው ሆነች።

«እትዬ» ስንላት አትጠላም፣ አንቱታን ግን አጥብቃ ትከለክል ነበር። «እርስዎ» ያላትን ሰው ኖት አታውስም። እኔን ከሰይድ ወደ «ሰይዶ» የቀየረችኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ እናቴ እንኳ ዛሬ በዚያው ትጠራኛለች።

ሁለት ነገር ከእጇና ከአፏ አይጠፋም። አንደኛው መወልወል ነው። ስታስብ እጇ ሥራ ይፈልጋል፤ በነጠላዋ ጫፍ የተቀመጠችበትን ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ ነገሩ ከከበዳት ወንበሩንም ትጨምራለች። የቤተ መጻሕፍቱ ጽዳት ሠራተኛ የእሷን ጠረጴዛ እየዘለለች ታልፍ ነበር። ሁለተኛው «ሌሽ» የሚል ቃል ነው። በዓረብኛ «ለምን» ማለት መሆኑን የነገረችን ራሷ ናት። «መዳም ስልክ ከልክላኛለች፣ በር ከልክላኛለች» ትል ነበር፤ «ሌሽን ግን ከራሷ አፍ ስለተማርኩት ልትከለክለኝ አልቻለችም።» መምህሩ አስተምሮ ጨርሶ «ጥያቄ አለ?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ወደ እኛ ዞሮ ይስቃል። ሽታዬም አታሳፍረንም፤ ሌሽ ትላለች።

እኛ ያደግነው «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ነው። አንድ ቀን ይህንኑ ተረት ሳልፈልግ አመለጠኝና ተናገርኳት። «እውነት ነው ሰይዶ፣ አይነቅዝም» አለችኝ። «አይበቅልም ግን።»

በመጨረሻው ዓመት ነው ነገሩ የመጣው። የገጠር ልማት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ለሁለት ለሁለት ሆነን እንድንሠራ ተመደብን፤ እኔ ከሽታዬ ጋር ሆንኩ። በዚያው ሰሞን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ለመመረቂያ ጥናት የምርምር ድጋፍ ስለሚሰጥ ፍላጎቱ ያላችሁ አመልክቱ ይላል። የሚመረጡት ጥቂት ጥንዶች ናቸው። የተመረጠ ወደፈለገበት ወረዳ ወጥቶ ያጠናል፤ ያልተመረጠ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በእግሩ በሚደርስበት ርዕስ ይመረቃል።

እንግዲህ እዚህ ላይ የአገራችን ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት ተሠራ። «ድጋፍ» ማለት በእኛ ቀዬ ስንዴና ዘይት ነው። ድጋፍ መጣ ከተባለ ሰው የሚያስበው መመዝገብን ነው፤ ለመመዝገብ ደግሞ ድሃ መሆን ያስፈልጋል። ማስታወቂያውን ያነበበ ተማሪ ሁሉ «ምርምር» የምትለዋን ቃል ተሻግሮ «ድጋፍ» ላይ አረፈና ወደ ቀበሌው ሮጠ። የድሃ ማስረጃ ለማጻፍ ነው። ሩቅ ያለው በሚኒባስ ሾፌር አስላከ። የቀበሌ ማኅተም እንደዚያ ሳምንት የሠራ አይመስለኝም። እኔም አባቴን አስቸግሬ አንድ አስመጣሁ፤ አባቴ ያን ዓመት ሁለት በሬ እንደነበረው ማስረጃው አላነሣውም።

ማስረጃውን ይዤ ማመልከቻውን ስጽፍ ብዕሬ እንደዚያ ቀን ቀንቶት አያውቅም። «እኔ አመልካች ከዝቅተኛ አርሶ አደር ቤተሰብ የተገኘሁ፣ ለደብተርና ለሳሙና እንኳ የምቸገር ስሆን፣ የተከበረው ኮሚቴ እንደ ወላጅ ሆኖ እንዲያስበኝ በእግዚአብሔር ስም…» እያልኩ አንድ ገጽ ሙሉ አለቀስኩ። ብልህ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል ይባል የለ። የሚያስፈልገን ገንዘብ የሚለው ላይ ደግሞ መጠኑን መጥራት ድፍረት መስሎ ታየኝና «ኮሚቴው የቻለውን» ብዬ ጻፍኩ።

ሽታዬ አነበበችው። እየሳቀች ጭኗን መታች፣ መልሳ አነበበችው፣ እንደገና ሳቀች። ይህንን ለኮሚቴ ከማስገባት ለገብርኤል ስለት ብታስገባው ይሻልሃል አለችኝ። እስላም መሆኔን ባስታውሳት፣ ገብርኤል ስለቱን እንጂ ስምን አይጠይቅም ብላ ዘጋችኝ። ከዚያ ሳቋን ተወችና ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረች።

«ጥያቄህ ምንድን ነው?» አለች።

«ገንዘብ እንዲሰጡን ነዋ።»

«እሱ ልመናህ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ጥያቄህን ነው።»

እውነቴን ነው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ጥያቄ አቀረበ ሲባል አንድ ነገር ስጡኝ አለ ማለት ነበር ለእኔ። ሰው ሳያውቀው የቆየ ነገር ማወቅ ፈልጎም ጥያቄ ማቅረብ እንደሚችል፣ ለዚያም ገንዘብ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ፣ ያስተማረኝ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር አይደለም። የድሃ ማስረጃዬን አጥፋ ኪሴ ውስጥ መልሳ ከተተችልኝ። «ጠያቂ አያፍርም ሰይዶ፤ የሚያፍር ለማኝ ነው» አለችኝ። ይህ አባባል ከማንም የሰማችው አይደለም፤ የራሷ ነው።

ጥያቄ እሷ ነበራት። ያን ቀን ነው የነገረችኝ።

የሽታዬ አገር ከአቀስታ ወደ ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት ደጋ ነው። እዚያ ገብስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። አንዱ የክረምቱ ነው። ሌላው በልግ ነው፤ በጥርና በየካቲት የሚጥለው ዝናብ ተጠብቆ ይዘራል፣ ሰኔ ላይ ይሰበሰባል። ሰኔ ደግሞ ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ ስለሆነ በልግ ያለው ቤትና የሌለው ቤት ይለያያል። አባቷ ጋሽ ይመር በበልግ ገበሬነቱ የታወቀ ሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብር ስትልክለት ቆይታ ስትመለስ የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ሆኗል፣ የበልጉ ማሳ ግን ሳር በቅሎበት ከብት ይግጥበታል። ምን ነካው ብላ ስትጠይቅ መንደሩ «በልግ ቀረ» አላት። ዝናቡ ጠፋ ማለታቸው ነው።

እሷን ግን ሌላ ነገር ከነከናት። ብሩ ባይመጣ ኖሮ ይህ ሰው ማሳውን ይተው ነበር?

«ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ያጠብኩት ለዚያ ቤት ነው» አለችኝ። «አባቴን አስንፌው፣ ማሳውን በገዛ ብሬ ገድዬበት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

ታዲያ ለምን አባትሽን አትጠይቂውም አልኳት። አባት ለልጁ ሌላ ምን ሊላት ነው፣ ዝናቡ ነው ይለኛል አለች። ለዚህ ነው ብዙ ቤት መጠየቅ የፈለገችው። ልጅ ዓረብ አገር ያለውም የሌለውም ቤት ይጠየቅ፤ የሌለውም በልጉን ትቶ ከሆነ ዝናቡ ነው፣ ያለው ብቻ ትቶ ከሆነ ብሩ ነው። እንዲህ ቀላል አድርጋ ስታስረዳኝ ጠጉሬ ቆመ። ያንን አንድ ገጽ ለቅሶዬን ቀደድኩትና አብረን ከመጀመሪያው ጻፍን። ገንዘቡንም እሷ ከመኪና እስከ ማደሪያ እየዘረዘረች፣ ሳትሸማቀቅ፣ የሚያስፈልገንን ያህል አስገባች።

አማካሪያችን መምህር ዳምጠው ደግ ሰው ነበር፤ ፈሪም ነበር። እኛን ሳይሆን ጊዜውን ነበር የፈራው። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል፤ ደጋ ወጥታችሁ ብትቀሩስ አለን። የከተማውን ሱቆች አጥኑ፣ ቅርብ ነው፣ መጠይቁም ካለፈው ዓመት የተዘጋጀ አለ አለ። «ከሚያስጨንቅ ርዕስ የሚያስመርቅ ርዕስ ይሻላል» አለና ወደ እኔ ተመለከተ፤ ከሁለታችን የሚታጠፈው ማን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። እኔ ልታጠፍ ስል ሽታዬ የእሱን ጠረጴዛ መወልወል ጀመረች። መምህሩ ስኒውን አነሣላት። የጠረጴዛው ጥግ ሳትደርስ ፈርሞልን ወጣን።

ኮሚቴ ፊት የቀረብነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ኮቱን እስከ ላይ የቆለፈ፣ ሲናገር ቃል የማይደግም ሽማግሌ መምህር ነው። ከእኛ በፊት የገቡት ጥንዶች ዓይናቸው ቀልቶ ነው የወጡት፤ አንዷ አልቅሳ ነበር፣ ብትመረጥ ይሁን ብትቀር አላውቅም። እኔ ከኋላዋ ተደበቅሁ። ሽታዬ ግን ገና በር ላይ «እንዴት ዋላችሁ» አለችና፣ እነሱ ተቀመጡ ሳይሉን ወንበር ስባ ለእኔም አስጠጋችልኝ።

በግራ በኩል ያለው የኮሚቴ አባል ወረቀታችንን ገልብጦ ገልብጦ፣ ሌሎቹ ሁሉ የድሃ ማስረጃ አያይዘዋል፣ የእናንተ የታለ አለ። ያ ስሕተት ከተማሪ አልፎ እዚያም ደርሷል ማለት ነው። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ሽታዬ በክርኗ መታችኝ።

«ድሃ መሆናችንን ማየት ከፈለጋችሁ ነገ እናመጣለን» አለች። «ድህነታችን ግን ደጋ ወጥቶ ሰው አይጠይቅልንም። እሱን የምንሠራው እኛ ነን።»

ሰብሳቢው ዓይኑን አነሣ። ከዚያ ሁላችንም የምንፈራው ነገር ላይ መጣ። በቅጹ ላይ «የሚጠበቅ ውጤት» የሚል ቦታ አለ። ተማሪ ሁሉ እዚያ ላይ ጥናቱ ገና ሳይጀመር መልሱን ይጽፋል፤ መልሱን የማያውቅ ተማሪ ሰነፍ ይመስላልና። ሽታዬ ግን ባዶውን ተወችው። እኔ ሁለት ጊዜ ልሞላው ሞክሬ ሁለት ጊዜ ብዕሩን ቀምታኛለች።

«ይኼ ረስታችሁት ነው?»

«አልረሳነውም ጌታዬ። ዝናቡ ይሁን ብሩ አናውቅም። ብናውቀው እዚህ መጥተን እናንተን አናደክምም ነበር።»

እጇ የኮሚቴውን ጠረጴዛ ሲወለውል አየሁት። ሰብሳቢው ወረቀቶቹን ቀስ ብሎ ከፍ አደረገላትና ጨርሳ እስክታልፍ ጠበቀ። ቀጥሎ የጠየቃት አባቷ ከሚጠየቁት ውስጥ እንዳለ ነው፤ ልጅ አባቷን ስትጠይቅ ጥናቱ አይጣመምም ወይ አላት። አለበት፣ እሱን ግን እኔ አልጠይቀውም አለች፤ በዚያ ቀን ከቤቱም አልገባም፣ ሰይዶ ይጠይቀዋል ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

እንዴት ኮራሁ! ያን ቀን ነው ሰው ሳይጎነበስ መጠየቅ እንደሚችል በዓይኔ ያየሁት። ዛሬ ቢሮዬ ውስጥ የሰው ፊት እያየ የሚንቀጠቀጥ ወጣት ሲገባ ወንበር ስቤ የማስቀምጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስማችን ከተመረጡት ጋር ተለጠፈ። መምህር ዳምጠው ዜናውን ሲሰማ «እንግዲህ ጋቢ ያዙ» ብቻ አለን። የራሱን ጋቢ ግን አዋሰኝ።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት በሚኒባስ አቀስታ ገባን፤ ከዚያ በእግር ነው። ብርዱን አላወራውም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከብርዱ የባሰብን ሌላ ነበር። ደብተርና ብዕር የያዘ ሰው መንደር ሲገባ ወሬው ይቀድመዋል፤ መዝጋቢ መጣ ይባላል። የገባንበት ቤት ሁሉ የሚነገረን ችግር ብቻ ሆነ። በሬው ሞቷል፣ ዶሮዋን ጅብ በልቷታል፣ ልጁ ዓረብ አገር ሄዶ አልላከም፣ በልግ ከተዘራ ሃያ ዓመቱ ነው። በሬው ግን በጓሮ በኩል ሲያገሳ ይሰማናል። እኔ የተባልኩትን እጽፋለሁ፤ እንደዚያ ያለውን ጽሑፍ ከየት እንደማውቀው አውቃለሁና በሆዴ እስቃለሁ።

ሽታዬ በሁለተኛው ቀን ብዕሬን አስቀመጠችና ሥርዓቱን ቀየረችው። ከዚያ በኋላ ቤት ስንገባ ከሰላምታው ቀጥላ የምትናገረው አንድ ነበር። «እኛ የምንሰጣችሁ የለንም። ደብቀን ሳይሆን የለንም። ይዘን የመጣነው ጥያቄ ብቻ ነው።» ሰዎቹ መጀመሪያ ይተያያሉ። ከዚያ ዘና ይላሉ። አንዲት ሽማግሌ እናት እንዲያውም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ተመስገን፤ የማይሰጥ ሰው መጣ። ግቡ፣ አሁን እውነቱን እናውራ» አሉን። በክርስቲያኑ ቤት «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» እየተባልን፣ በእስላሙ ቤት በማርያም እየተማለልን፣ እንደ ወሎ ሰው ሁሉ እየተጨዋወትን ቤቱን ሁሉ ጨረስን።

መልሱ ግን አልጣመንም። ማታ ማታ ቁጭ ብለን ስንደምረው ነገሩ ይወላገዳል። ልጅ የላከለት ቤት በልጉን ትቷል፤ ይኼ ብሩ ነው ያስብላል። ማንም ያልላከለት ቤትም ትቷል፤ ይኼ ደግሞ ዝናቡ ነው ያስብላል። ዝናቡስ ብለን ስንጠይቅ አንዳንድ ዓመት ጥሩ ዘንቦ እንደነበር ይነግሩናል፤ ዘንቦም አልዘሩም። ሽታዬ ያደርንበትን ቤት መደብ እየወለወለች «ሌሽ?» ትላለች። እየቀረበ የመጣው የአባቷ ቤት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ፊቷ ላይ ፍርሃት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መንገዱን አልፈራችም፣ ኮሚቴውን አልፈራችም፤ ያንን አንድ ቤት ፈራችው።

ጋሽ ይመር ዘንድ ብቻዬን ገባሁ። ሽታዬ ቃሏን ጠብቃ ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ሽማግሌው ረጅም፣ እጃቸው ሰፊ፣ ነገራቸው ቀልድ የሚቀላቀልበት ሰው ናቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ሰይድ መባሌን ሲሰሙ መረቁኝ፣ ቆሎ አቀረቡልኝና «የገበያ ገብስ ነው ልጄ፣ ይቅርታ» አሉኝ። ቆሎው በአፌ ውስጥ ከበደኝ። መጠይቁን ከጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከላይ ጀምሬ እየጠየቅሁ፣ ከምንፈራው ጥያቄ ደረስኩ።

«ጋሽ ይመር፣ በልግ መዝራት ለምን ተዉ? ዝናቡ ስለቀረ ነው፣ ወይስ ልጅዎ ብር ስለላከችልዎ?»

ወረቀቱን አዩት። «እነዚህን ሁለቱን ማን ነው የነገረህ?»

የተጻፈው እንዲህ ነው አልኳቸው።

«የጻፈው ሰው በልግ አጭዶ አያውቅም» አሉ። «ዝናቡ ይመጣል፣ ይቀራል፤ እኔ ሳልወለድም እንዲሁ ነበር። ብሩም ቢሆን ቤት ሠራሁበት እንጂ እጄን አላሰረውም። በልግ እኮ እጅ ነው። አረሙ አያድርስ ነው። ሲደርስ ደግሞ የሰኔ ዝናብ ሳይቀድምህ በሩጫ ነው የምትሰበስበው። ያንን ማሳ የምታርመው ሽታዬ ነበረች። የማጭደውም ከእሷ ጋር ነበር። እሷ ስትሄድ ማሳው አብሯት ሄደ።»

«ጎረቤት አለ አይደል? በወንፈል…»

«ወንፈል ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ ነው። የዚህ መንደር ሴት ልጅ ሁሉ ሄዳለች። ማን ከማን ጋር ይወነፍላል?»

ያ ሲወላገድብን የከረመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቃና። ልጅ ያልላከለት ቤት ለምን በልጉን እንደተወ፣ በዘነበበት ዓመትም ለምን እንዳልተዘራ ገባኝ። ዝናቡ ወይስ ብሩ ብለን የሰጠናቸው ሁለት ምርጫ ሁለቱም ስሕተት ነበር። ብዕሬን ይዤ የት እንደምጽፈው ሳይገባኝ ቀና ስል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሽታዬ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች፣ ፊቷ በእንባ ርሷል።

«አባ» አለች። «ይኼን ለምን አልነገሩኝም?»

ሽማግሌው እሷን ሲያዩ አልደነቃቸውም። በእርጋታ ነው የመለሱላት።

«አልጠየቅሽኝማ ልጄ። በደወልሽ ቁጥር የምትጠይቂኝ ብሩ ደረሰ ወይ ብለሽ ነበር። ደርሷል እልሽ ነበር።»

ሽታዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ለኮሚቴው የገባችውን ቃል አስታውሳ እንደሆነ አላውቅም። ገብታ ከአባቷ እግር ሥር፣ ከመሬቱ ላይ ተቀመጠችና «እሺ አባ፤ አሁን ልጠይቅዎ» አለቻቸው።

እኔም መጠይቁን አጠፍኩና፣ ጋቢዬን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁላቸው።